ውስጣችን ያለው ልጅ፦ ከሰሜን ሸዋ ሰዎች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ መርሐቤቴም ሆነ ይፋት፣ ስለ ልጅነት ቁስል ወሬ ሲነሳ ሰው የሚጠይቀው ነገር ይመሳሰላል። እዚህ የሰበሰብኩት ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ነው። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

"ውስጣችን ያለው ልጅ" ምንድን ነው?

ከልጅነት ይዘነው የመጣነው የስሜት ክፍላችን ነው። ልጅ ሳላችሁ ምን ያስፈራችሁ ነበር? ሲከፋችሁ ማን ያባብላችሁ ነበር? ለመወደድ ምን ማድረግ ነበረባችሁ? ዝም ማለት? መታዘዝ? አንደኛ መውጣት? ያኔ ያገኛችሁት መልስ ዕድሜ ስለጨመራችሁ ብቻ አይለቃችሁም። ቤት ሠርታችሁ፣ ወልዳችሁ ከብዳችሁ፣ አለቃ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሆዳችሁ እንደ ድሮው ይቋጠራል። ያ የሚፈራው ክፍል ነው ልጁ።

ፍርሃት ብቻም አይደለም። የሚጫወተው፣ በትንሽ ነገር የሚደሰተው፣ "ይሄ ምንድን ነው?" እያለ የሚጠይቀውም ክፍላችን እዚያው ነው። ብዙ ሰው ቁስሉን ሲከድን እሱንም አብሮ ከድኖታል።

ሳይንስ ነው ወይስ የቲክቶክ ፋሽን?

ሁለቱም አለበት። በሽታ አይደለም፤ የትኛውም ሐኪም "ውስጥህ ያለው ልጅ ታሟል" ብሎ ካርድ ላይ አይጽፍም። ነገሩን ለመረዳት የሚያግዝ አነጋገር ነው። ከኋላው ያለው እውቀት ግን ጠንካራ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ያለው ትስስር የኋላ ሕይወቱን እንደሚቀርጽ አስተምሯል። አብራው የሠራችው ሜሪ አይንስወርዝ ይህንኑ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ድረስ መጥታ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ተከታትላለች። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ትልቅ ጥናት አሳተሙ። በልጅነት መደብደብ፣ መዋረድ፣ ቤት ውስጥ ጠብ ማየት በተደራረበ ቁጥር ኋላ ላይ የድብርት፣ የመጠጥ ሱስና የልብ ሕመም ዕድሉም ይጨምራል። ዕድሉ ይጨምራል ማለት ግን የግድ ይሆናል ማለት አይደለም። ብዙ መከራ አይቶ ደህና የሆነ ሰው ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜም ቢያንስ አንድ የሚያምነው ትልቅ ሰው አጠገቡ ነበር፤ አያት፣ አክስት፣ አስተማሪ።

"በአንድ ቪዲዮ ቁስልህ ይድናል" የሚሉትን ግን አትመኗቸው።

ልጅነቴ ጥሩ ነበር። በልቼ ጠጥቼ ነው ያደግሁት። እኔን ይመለከተኛል?

ሊመለከታችሁ ይችላል። ቁስል ሁሉ በመመታት አይመጣም። አንዳንዱ የሚመጣው መሆን የነበረበት ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው። ልብሳችሁ ታጥቦ፣ ደብተራችሁ ተገዝቶ፣ ግን አንድም ቀን "ምን ተሰማህ?" ብሎ የጠየቃችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። "አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፣ አታስቸግርም" የተባለ ልጅ ማስቸገር እንደማይፈቀድለት ይማራል። ካደገ በኋላም ታሞ እንኳ ሰው አያስቸግርም።

እረኛ ሆኜ፣ ተገርፌ ነው ያደግሁት። ሰው አደረገኝ እንጂ ምን ጎዳኝ?

ይህን ጥያቄ በአክብሮት ነው የምሰማው። መንዝ ላይ፣ ጓሳ ዳር፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ፣ በነሐሴ ጉም ውስጥ በግ የጠበቀ ልጅ ብርታቱ እውነተኛ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ኃላፊነት ተሸክሟል። ብርድ መቻል፣ በአንድ እፍኝ ቆሎ መዋል፣ ጉም ውስጥ መንገድ መለየት ተምሯል። ይህን ማንም አይነጥቀውም።

ግን ያው ልጅ አንድ ጠቦት የጠፋበት ቀን እንዴት ነበር? ብዙ እረኛ የነበረ ሰው ሲያወራ ከጅቡ ይልቅ ያስፈራው የነበረው ወደ ቤት መግባቱ እንደነበር ይናገራል። ፀሐይ ጥልቅ ስትል፣ በጎቹ ሲቆጠሩ፣ አለንጋው ከተሰቀለበት ሲወርድ። ፈርቶ ዋሻ ውስጥ ያደረም አለ። ያ ልጅ የተማረው ሁለት ነገር ነው። ማጥፋት አደጋ ነው። አደጋ ሲመጣ ደግሞ የሚጠጉበት ሰው የለም። ዛሬ መሥሪያ ቤት ትንሽ ስህተት ሲሠራ የሚደብቀው፣ ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ምንም" ብሎ ፊቱን የሚያዞረው እሱ ነው።

ስለዚህ "ሰው አደረገኝ" የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ሰው ያደረጋችሁ ሥራው ነው፤ ኃላፊነቱ ነው፤ በዚያ ሁሉ መሃል የወደዷችሁ ሰዎች ናቸው። ግርፊያው አይደለም። በአለንጋ፣ በኩርኩም፣ በርበሬ በማጠን የሚገኝ ጥበብ የለም፤ ይህን አቋሜን አላለዝብም። ተጣሞ የገጠመ ክንድም ያርሳል፣ ይሸከማል። ቁር ሲመጣ ግን ይጠዘጥዛል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ያኔ በእናንተ ላይ የተደረገው የተለመደ ስለነበር ብቻ ልክ አይሆንም።

ቁስሉ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

ዋናው ምልክት ስሜቱ ከነገሩ ሲበልጥ ነው። ሰው ስልክ ሳያነሳላችሁ ሲቀር ቀኑን ሙሉ ከተረበሻችሁ፣ በቀላል ቀልድ ደማችሁ ከፈላ፣ "እምቢ" ማለት ስላቃታችሁ ብቻ የማትችሉትን ዕቁብ ከገባችሁ፣ ሰው ሲረዳችሁ ዕዳ ብቻ ከታያችሁ፣ እዚያ ጋ ቆም በሉ። ይሉኝታ በባህላችን ውበት አለው። ከፍርሃት የሚመጣ ይሉኝታ ግን ያደክማል፤ ልዩነቱን የምታውቁት እሺ ካላችሁ በኋላ ውስጣችሁ ሲቆጣ ነው።

ሌላው ጥሩ ማያ ለበዓል ወደ ወላጅ ቤት መሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ስትነሱ ሥራ አስኪያጅ ናችሁ። ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ድምፃችሁ ይቀንሳል። ግቢው ሲደረስ ደግሞ አሥር ዓመታችሁ ነው፤ ታላቅ ወንድም ያዛል፣ እናንተ ትታዘዛላችሁ፣ ወይ በሆነ ባልሆነው ታኮርፋላችሁ። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ልጁ የት እንዳለ እያሳያችሁ ነው።

ይህ ወላጆቼን መውቀስ አይሆንም? አባትና እናትህን አክብር ተብለን ነው ያደግነው።

አብዛኛው ሰው ከዚህ ጥያቄ በላይ መሄድ ያቅተዋል። ስለዚህ በደንብ እንየው።

ወላጆቻችሁን እንደ ሰው ማየት ማለት የደረሰባቸውንም ማየት ነው። አሁን ስልሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው የሰሜን ሸዋ እናቶችና አባቶች በምን ውስጥ እንዳለፉ አስቡ። የ1977ቱ ረሃብ ወሎን ብቻ አልነካም፤ የሰሜን ሸዋን ወረዳዎችም መትቷል። ልጅ ቀብረው በሳምንቱ ማረሻ የጨበጡ አሉ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሳይመለስ የቀረባቸው አሉ። ብዙ እናቶች አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ እነሱም ልጅ ነበሩ። ማንም አላባበላቸውም። "ሆድ ይፍጀው" እያሉ ኖሩ። ያልተሰጣቸውን እንዴት ይስጡ?

ይህን መረዳት ግን የእናንተን ሕመም አይሰርዘውም። እናቴ ተጎድታ ነበር፣ እኔም ተጎድቻለሁ። ሁለቱ አብረው ይቆማሉ። አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

ደግሞስ፣ ሄዶ መፋጠጥ ግዴታ አይደለም። ሰባ ዓመት የሞላቸውን አባት ፊት ለፊት አስቀምጦ "ለምን ገረፍከኝ?" ማለት አንዳንዱን ሰው ያሳርፋል፣ አንዳንዱን ደግሞ እንደገና ያቆስላል። አባትየው "እኔ ባልገርፍህ የት ትደርስ ነበር?" ሊሉ ይችላሉ። የእናንተ መዳን በእሳቸው መልስ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ ስለ እሳቸው ልጅነት መጠየቅ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ሌላው ሰው ወጣ ሲል፣ "አባባ፣ እርስዎ ልጅ እያሉ እንዴት ነበር?" በሏቸው። የምትሰሙት ነገር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

በልጅነታችሁ የደፈራችሁ ወይም ዛሬም የሚጎዳችሁ ሰው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እንደዚያ ካለ ሰው መራቅ አለማክበር አይደለም።

ከገጠር ወጥቼ ዘመድ ቤት ነው ያደግሁት። አብልተው አስተምረውኛል። ታዲያ ለምን ይከፋኛል?

ምክንያቱም ልጅ ነበራችሁ፣ እናታችሁም ሩቅ ነበረች። ምስጋናውም እውነት ነው፣ ሐዘኑም እውነት ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ በጣም የተለመደ ታሪክ ነው። አንዱ ልጅ "ይማር" ተብሎ አዲስ አበባ አክስት ጋ ይላካል። ሌላዋ ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ከእኩዮቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ በሶና ድርቆሽ ስንቅ ይዛ ትማራለች፤ ስንቁ ሲያልቅ ቅዳሜ በእግሯ ወደ ቤት ትመለሳለች። ከተሜው ልጅ እናቱ ቁርስ ታቀርብለታለች፤ እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ የራሷ እናት ሆናለች።

የሰው ቤት ያደገ ልጅ ሳይጠግብ "ጠገብኩ" ማለት ይለምዳል። የቤቱን ሰዎች ፊት ያነባል። ሳይታዘዝ ተነስቶ ዕቃ ያጥባል። ዛሬ የራሱ ቤት ውስጥ እንኳ እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ የሚቀመጥ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ይህን በራሳችሁ ካያችሁ፣ ያንን ልጅ እንዲህ በሉት፦ "ይህ ቤት ያንተ ነው። ደገፍ ብለህ ተቀመጥ። ጨምር፣ ብላ።" ሞኝነት ይመስላል፤ ሞክሩት።

በተግባር ከየት ልጀምር?

ከቅጽበቷ ጀምሩ። ስሜቱ ከነገሩ ሲበልጥ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይህ ስሜት ስንት ዓመቱ ነው?" አንዳንዴ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ስምንት። ሦስተኛ ክፍል። አስተማሪው ሰሌዳ ፊት ያቆመኝ ቀን። ካልመጣም ግድ የለም።

ቀጥሎ ሰውነትን ማረጋጋት ነው። የፈራ ልጅ ምክር አይሰማም። እግራችሁን መሬት ላይ አስደግፉ። ትንፋሻችሁን ከምታስገቡበት ጊዜ አርዝማችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ጋቢ ካለ ተከናነቡ፤ ሙቀት ያረጋጋል።

ከዚያ ያኔ መስማት የነበረባችሁን ቃል ለራሳችሁ ተናገሩ። ቃሉን ከመጽሐፍ አትፈልጉት። ልጅ ሳላችሁ ያባብላችሁ የነበረ አንድ ሰው ካለ፣ አያታችሁም ትሁን ጎረቤት፣ የእሷን አነጋገር ተዋሱ። "አይዞሽ የኔ ልጅ።" "ማን ነካህ? ና ወዲህ።" "ሰበርከው? ይሰበራ፣ ዕቃ ነው።" በራስ ቋንቋ፣ በራስ አገር አነጋገር ሲሆን ልብ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ፈጽሞ ካልነበራችሁ፣ ለሌላ ሰው ልጅ የምትሉትን አስታውሱና ለራሳችሁ በሉት።

መጻፍም ይረዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠናው ዘዴ ቀላል ነው። በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን፣ ስለ አንድ ከባድ ነገር ስለ ፊደሉም ስለ ሰዋስውም ሳትጨነቁ መጻፍ። እንደጨረሳችሁ ትንሽ ሊከብዳችሁ ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን እየዋለ እያደረ ይቀለዋል። ወረቀቱን ለማንም አታሳዩት። ጽሕፈት የማይሆንላችሁ በስልክ ድምፃችሁን ቅዱት፣ ከዚያ አጥፉት።

ብዙ የውጭ ምክሮች "የልጅነት ፎቶህን ያዝ" ይላሉ። ገጠር ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ የልጅነት ፎቶ የለውም። ቦታ ግን አለው። የምትዋኙበት ወንዝ፣ ከዝናብ የምትጠለሉበት ድንጋይ፣ ገና የምትጫወቱበት ሜዳ። አገር ስትገቡ ብቻችሁን ወደዚያ ሂዱና ትንሽ ተቀመጡ። መሄድ ካልቻላችሁ ዓይን ጨፍኖ ማየትም ይሆናል።

ጨዋታን ደግሞ አትርሱ። ሰው ስለ ቁስሉ ብቻ ሲቆፍር ይጨልምበታል። ከልጆቻችሁ ጋር አኩኩሉ ተጫወቱ። ገበጣ ቆፍሩ። የገና ዕለት ዳር ቆሞ ከማየት ዱላ ይዛችሁ ሩሯን ተከትላችሁ ሩጡ።

ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?

ያለቅሳል። ለቅሶ ቤት አባቶቻችን ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ አይተን የለም? ለሞተ ሰው የተፈቀደው እንባ ለተጎዳ ልጅነትም ይፈቀድ።

ጸበልና የንስሐ አባት አይበቁኝም?

ለብዙ ሰው እምነቱ ትልቁ መጠጊያው ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ሱባኤ ይዞ፣ ከግርግር ርቆ፣ አልቅሶ የተመለሰ ሰው ቀሎት ሲመጣ እናያለን። ይፋት ላይም የሼኹ ምክርና ዱዓ ስንቱን አቁሟል። ይህን ከሥነ ልቦና እርዳታ ጋር የሚያጣላው ነገር የለም። አብረው ይሄዳሉ።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካላችሁ ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ። ሌላው፣ በልጅነት የደረሰባችሁ በደል የእናንተ ኃጢአት አይደለም። ንስሐ የሚገባው የበደለው ነው።

የማላስታውሰው ነገር ቢኖርስ? ልቆፍረው?

አትቆፍሩት። የሰው ትዝታ በጥያቄና በግፊት ሊቀየር፣ ያልሆነም ሊጨመርበት እንደሚችል የአሜሪካዊቷ የትዝታ ተመራማሪ የኤሊዛቤት ሎፍተስ ጥናቶች በደንብ አሳይተዋል። "እርግጠኛ ነኝ አንድ ነገር ተደርጎብሃል፣ አስታውስ" የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ተዉት። ለመዳን ሁሉን ማስታወስ አያስፈልግም። ዛሬ የሚሰማችሁ ስሜት በቂ መነሻ ነው።

ጦርነትና መፈናቀል ውስጥ ላለን ሰዎችስ? ይህ የሰላም ጊዜ ወሬ አይደለም?

በከፊል እውነታችሁን ነው። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል የሸሸ ሰው፣ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያለች እናት፣ ዛሬም የተኩስ ድምፅ የሚሰማ ገበሬ፣ ፍርሃታቸው የድሮ አይደለም። አሁን ያለ አደጋ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የልጅነት ቁስል መነካካት አይቀድምም። ደህንነት ይቀድማል። ከዚያ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ አጠገብ ያለ ሰው።

ለልጆች ግን ዛሬ የሚደረግ ነገር አለ። በተቻለ መጠን ከሚያውቁት ሰው አትለዩዋቸው። ሌሊት ሲባንኑ "ዝም በል" ከማለት እቅፍ አድርጉ። ያዩትን ደጋግመው በጨዋታ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ መሣሪያ በእንጨት እየሠሩ መተኳኮስ። አትቆጧቸው። የፈሩትን የሚያወጡበት መንገድ ነው። ትምህርት ቢዘጋም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደረግ ነገር ይኑራቸው፣ ተረትም ቢሆን።

በልጆቼ ላይ እንዳይደገም ምን ላድርግ? እየተቆጣሁ ነው።

ብዙ ወላጅ የራሱን ቁስል የሚያገኘው ልጁ ሲያለቅስ ነው። ልጁ ወተት ደፍቶ ሲያለቅስ እጃችሁ ሳታስቡት ይነሳል። እጃችሁ ሲነሳ ከልጁ ራቅ በሉ። በር ላይ ውጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ተመለሱ። ሕፃን ብቻውን የማይተው ከሆነ ለሌላ ሰው ስጡት።

ከመታችሁ ወይም ከሰደባችሁ በኋላ ደግሞ ይቅርታ ጠይቁ። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት በእኛ ዘንድ ብርቅ ነው፤ ሥልጣን የሚያሳጣ ይመስለናል። አያሳጣም። "መቆጣቴ ልክ አልነበረም፤ ያስፈራሁህ እኔ ነኝ፣ አንተ መጥፎ ልጅ አይደለህም" የተባለ ልጅ ጠብ መጠገን እንደሚቻል ይማራል። በእኔ እምነት እናንተ ያላገኛችሁትና ለልጆቻችሁ ልትሰጧቸው ከምትችሉት ነገር ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። ይቅርታው ግን "አንተም እኮ አናደድከኝ" ተብሎ አይጨረስ።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ቀን አይቆረጥለትም። ለውጡን የምታዩት ፍርሃቱ ሲጠፋ አይደለም። ድሮ ሳምንት ያኮረፋችሁበት ነገር አሁን በአንድ ማታ ሲያልፍ ነው።

ባለሙያ ማየት ያለብኝ መቼ ነው? ወዴትስ ልሂድ?

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ዛሬውኑ። ብቻችሁን አትሁኑ፤ ለአንድ ሰው ተናገሩና አብራችሁ ሂዱ። ያለ አረቄ ወይም ያለ ጫት መዋል ካልቻላችሁ፣ ያለፈው ነገር በቅዠትና በቀን እየመጣ ካስቸገራችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ካስጠላችሁ፣ በልጅነታችሁ የመደፈር ታሪክ ካለና ብቻችሁን መንካት ካስፈራችሁ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻችሁን አትታገሉ።

ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉላችኋል። አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። አማኑኤል መሄድ ማበድ አይደለም፤ እንቅልፍ አጥቶ የሚሄድም ብዙ ነው። ካርድ አውጥታችሁ ስትገቡ "ራሴን ያመኛል" ብላችሁ አትመለሱ። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ይወጣል። "ከልጅነቴ ጀምሮ የሚረብሸኝ ነገር አለ፣ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል" በሉ። መናገር ካስቸገራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።